የቤታችሁ ድመት «ስኳር አለባት» ስትባል



የስኳር ሕመም ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስበው እናታችንን፣ አጎታችንን ወይም የጎረቤታችንን አዛውንት ነው። ድመትም ስኳር ይይዛታል ሲባል ፈገግ የሚል አይጠፋም። ሆኖም ሕመሙ በድመቶች ላይ በደንብ የታወቀ ነው፤ በተለይ ዕድሜያቸው የገፋ፣ የወፈሩ፣ ከቤት የማይወጡ እና የተኮላሹ ወንድ ድመቶች ላይ ይበዛል። ለቆዳ ወይም ለሌላ ሕመም ፕሪድኒሶሎንን የመሰሉ ኮርቲዞን ነክ መድኃኒቶች ለረጅም ጊዜ የተሰጣቸውም ሊያዙ ይችላሉ።

ምልክቶቹ የሰውን ይመስላሉ። ድመቷ ውኃ ታበዛለች፤ ለውዱእ ከተቀመጠው ባልዲ ሳይቀር ስትጠጣ ትገኛለች። ሽንቷ ይበዛል። እየበላች ትከሳለች። ሕመሙ ሲቆይ ደግሞ የኋላ እግሮቿ ነርቭ ይጎዳና ተረከዟን መሬት እያስነካች፣ ዝቅ ብላ ትራመዳለች። እንደ ድሮው መዝለል ያቅታታል።

የሙስሊም ቤተሰብ ፈተና የሚጀምረው በሽንቱ ነው። ለዓመታት ደጅ ወጥታ ወይም አሸዋዋ ላይ ትሸና የነበረች ድመት በድንገት ምንጣፍ ላይ፣ ብሎም መስገጃ ላይ ትሸናለች። የቤቱ ሰው «ባለገች» ብሎ ይደበድባታል ወይም በጆንያ ከቶ ሩቅ ሰፈር ይጥላታል። ይህች ድመት ግን ሽንቷን መቆጣጠር ያቃታት በደሟ ውስጥ የበዛው ስኳር በኩላሊት በኩል ውኃ እየሳበ ስለሚወጣ ነው። ድመት አስራ ሳታበላና ሳትለቅ ስለገደለችው ሴት የተነገረውን ሐዲስ ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። የታመመችን ድመት ከቤት ማባረር ከዚያ ምን ያህል እንደሚርቅ እያንዳንዳችን እናስብበት።

የጦሃራውን ነገር በአጭሩ ልለፈው። አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ.) ድመት እንድትጠጣ የውዱእ ዕቃቸውን እንዳዘነበሉላትና ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ድመት ነጃሳ እንዳልሆነች መናገራቸውን እንደጠቀሱ በሱነን ኪታቦች ተዘግቧል። ስለዚህ የጠጣችበት ውኃ አያስጨንቅም። ሽንቷ ግን ነጃሳ ነው፤ የነካው መስገጃ ዱካው እስኪጠፋ በውኃ ይታጠባል። እስክትድን ድረስ መስገጃዎችን አጥፎ ከፍ ያለ ቦታ ማስቀመጥና አንድ ተጨማሪ የአሸዋ ሣጥን ማዘጋጀት ብዙ ጠብ ያስቀራል። ውኃ ግን በፍጹም አትከልክሏት።

ምልክቱን ያየ ሰው በቤቱ ባለው የስኳር መለኪያ ለክቶ ብቻ ፍርድ መስጠት የለበትም። ድመት ስትፈራና ስትያዝ ጤነኛ ብትሆንም የደም ስኳሯ በጣም ከፍ ሊል ይችላል። የእንስሳት ሐኪም ሽንቷንም አይቶ፣ ካስፈለገም ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ገደማ አማካይ የሚያሳየውን የፍሩክቶሳሚን ምርመራ አዝዞ ያረጋግጣል። በአገራችን አብዛኛው የእንስሳት ሐኪም የሚሠራው በከብትና በዶሮ ላይ ስለሆነ ከመሄዳችሁ በፊት ድመት የሚያክም መሆኑን ጠይቁ። ቢሾፍቱ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅም ሊጠየቅ የሚገባው ቦታ ነው።

አሁን ወደ እኔ ሙያ ልግባ። በመድኃኒት መደብር መስኮት ላይ የሚቀርበው ጥያቄ «እናቴ የምትወጋውን ኢንሱሊን ትንሽ ብሰጣትስ?» የሚል ነው። መልሴ አይሆንም ነው፤ ምክንያቱም ከአንድ በላይ ነው። አንድ ትልቅ ሰው በቀን 30 ወይም 40 ዩኒት ሊወጋ ይችላል። ለድመት ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት በየ12 ሰዓቱ ከ1 እስከ 2 ዩኒት በሆነ መጠን ነው። «ትንሽ» ብለን በግምት የምንቀዳት ጠብታ 6 ዩኒት ብትሆን ድመቷን ልትገድላት ትችላለች። ብዙ ቤት ያለው ኤን.ፒ.ኤች የሚባለው ደመናማ ኢንሱሊን ደግሞ ድመት ላይ ቶሎ ስለሚያልቅ 12 ሰዓት የሚያደርሳት አልፎ አልፎ ነው። ሐኪሞች ለድመት የሚመርጡት እንደ ግላርጂን ያለውን ረጅም ጊዜ የሚቆይ ነው። ከዚህም ሌላ በድመት የተጠቀምንበትን መርፌ መልሰን እናታችን ብልቃጥ ውስጥ ብንሰካ የእናታችንን መድኃኒት በከልነው ማለት ነው። የሰው መድኃኒት ለሰውየው ብቻ ይቀመጥ።

ሲሪንጁም ራሱን የቻለ አደጋ ነው። የሰው ኢንሱሊን በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 100 ዩኒት ይይዛል። ለእንስሳት ተብለው የሚሠሩ አንዳንድ ኢንሱሊኖች ግን 40 ዩኒት ነው የሚይዙት፤ ለእነሱም የተለየ ሲሪንጅ አላቸው። ባለ 100ውን ኢንሱሊን በባለ 40 ሲሪንጅ እስከ 4ኛው መስመር የቀዳ ሰው 4 ዩኒት የሰጠ ይመስለዋል፤ የሰጠው ግን 10 ነው። ሁለት ተኩል እጥፍ ማለት ነው። ስለዚህ ብልቃጡና ሲሪንጁ ላይ የተጻፈው ቁጥር አንድ መሆኑን ሳታዩ አትቅዱ። ባለ 1 ሚሊ ሊትር የሆነው የተለመደው ሲሪንጅ በብዙዎቹ ላይ አንዱ መስመር 2 ዩኒት ስለሆነ 1 ዩኒት በትክክል ለመለካት ያስቸግራል፤ ባለ 0.3 ሚሊ ሊትር፣ ግማሽ ዩኒት የሚያሳየውን ፈልጉ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ሻንጣው ውስጥ ቦታ የማይይዝ ጥሩ ስጦታ እሱ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ሒሳብ እንሥራ። የግላርጂን ትልቁ ብልቃጥ 10 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 1,000 ዩኒት ነው። በቀን 2 ወይም 4 ዩኒት የምትወስድ ድመት አምራቹ ከተከፈተ በኋላ በፈቀደው 28 ቀን ውስጥ ከ112 ዩኒት በላይ አትጨርስም፤ የቀረው ይጣላል። ባለ 3 ሚሊ ሊትሩ የብዕር ዓይነት 300 ዩኒት ስለሆነ ብክነቱ ያንሳል። ከሐኪሙ ጋር ተነጋግራችሁ እሱን ጠይቁ። ያልተከፈተውን በፍሪጅ አስቀምጡ፤ ወደ በረዶ ቤቱ ግን አታስጠጉት፣ የረጋ ኢንሱሊን አይሠራም። ግላርጂን እንደ ውኃ የጠራ ነው፤ ከደፈረሰ ጣሉት።

የአሳማው ጉዳይም ይነሳል። ካኒንሱሊን የሚባለው የእንስሳት ኢንሱሊን ከአሳማ ቆሽት የሚሠራ መሆኑ እውነት ነው። ፈትዋ የመስጠት ዕውቀት የለኝም፤ የሰፈራችሁን ዓሊም ጠይቁ። እንደ ፋርማሲስት ግን የምነግራችሁ፣ ድመት የግድ የአሳማ ኢንሱሊን የሚያስፈልጋት አለመሆኑን ነው። እንዲያውም የድመት ኢንሱሊን በጣም የሚቀርበው ለበሬ ነው፤ ልዩነታቸው አንድ አሚኖ አሲድ ብቻ ነው። ግላርጂን ደግሞ በላብራቶሪ በረቂቅ ተሕዋስያን አማካይነት የሚመረት እንጂ ከአሳማ የሚወጣ አይደለም። ስለዚህ ሐኪሙ ሲያዝ «ከአሳማ ያልሆነ ይሁንልኝ» ማለት ትችላላችሁ፤ የሕክምናውን ጥራት አይቀንስም።

አወጋጉ ሲታይ ከሚያስፈራው በላይ ቀላል ነው። ድመቷ ምግቧን ስትበላ ወይም እንደጨረሰች ጎኗ ላይ ያለውን ቆዳ በሁለት ጣት ከፍ አድርጎ ከሥሩ መውጋት ነው። ቢስሚላህ ብላችሁ ረጋ በሉ፤ መርፌው ቀጭን ስለሆነ ብዙዎቹ ድመቶች ከምግባቸው ቀና አይሉም። በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ጧት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ብሎ መያዝ አይረሳም። ያልበላች ድመት የተለመደውን መጠን አትወጋም፤ መጀመሪያ ለሐኪሙ ይደወላል። አንዱ ሰዓት ካመለጠ በቀጣዩ እጥፍ አይሰጥም። ተወግታለች አልተወጋችም የሚል ጥርጣሬ ከተፈጠረም አይደገምም። ይህ የመጨረሻው ትልቅ ቤተሰብ ባለበት ቤት ይበረታል፦ ልጁም ይወጋል፣ እህቱም ሳታውቅ ትደግማለች። ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ቀን መቁጠሪያ የወጋው ሰው ወዲያው ምልክት ያድርግ። ያገለገለው መርፌ ክዳን ባለው ወፍራም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ይጠራቀም፤ ሕፃናት ቆሻሻ እንደሚነካኩ አንርሳ።

የስኳር መብዛት ቀስ ብሎ ይጎዳል፤ የስኳር ማነስ ግን በደቂቃዎች ይገድላል። ድመቷ ከመርፌ በኋላ ከተንገዳገደች፣ ከፈዘዘች፣ ከተንቀጠቀጠች ወይም ከተንፈራገጠች ማር በጣታችሁ ድዷ ላይ ቀቡ። ወደ ጉሮሮዋ አታፍስሱ፤ ትታነቃለች። ስትነቃ አብሏት፣ ከዚያ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም። በቤት ለመለካት ከጆሮዋ ጠርዝ አንዲት ጠብታ ደም ትበቃለች። ለሰው የተሠራ መለኪያ የድመትን ስኳር ብዙ ጊዜ ከእውነተኛው አሳንሶ ያሳያል፤ ቢሆንም ከመርፌ በፊት ከ80 ሚሊ ግራም በታች ካሳየ ሳትወጉ ደውሉ። በተቃራኒው መብላት ያቆመች፣ የምታስመልስና የደከመች ባለ ስኳር ድመት ደሟ በአሲድ እየተመረዘ ሊሆን ስለሚችል እስከ ነገ አትቆይም።

ምግቡን በተመለከተ ድመት ሥጋ በል ፍጥረት ናት። ጣፋጭ ጣዕም እንኳ አይታወቃትም፤ ስለዚህ «ስኳር አብልተናት ነው» ብሎ መጸጸት አያስፈልግም። የሚጎዳት በእንጀራ፣ በዳቦ፣ በሩዝ ሆዷን እየሞላች መወፈሯ ነው። የተቀቀለ ቀይ ሥጋ፣ ዶሮ፣ ልብ፣ ዓሣና እንቁላል ይስማማታል፤ ጨውና ቅመም ሳይገባበት። ወጥ ግን አይሆንም! ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ፣ የእኛ ወጥ ደግሞ ያለ እነሱ አይሠራም። ጉበት በሳምንት አንዴ በጥቂቱ ይበቃል። ሥጋ ብቻውን ካልሲየም ስለሚያንሰው ለድመት የተዘጋጀ የታሸገ ምግብ ከተገኘ አብሮ መስጠት ይሻላል። ወፍራሟን ለማክሳት ብሎ ማስራብ ጉበቷን ይጎዳል፣ ከባድ ስህተት ነው። ኢንሱሊን እየወሰደች እያለ እንጀራውን በአንድ ቀን ከከለከላችኋት ደግሞ የቀድሞው መጠን ሊበዛባት ስለሚችል ለውጡን ለሐኪሙ ሳትነግሩ አትጀምሩ። በጊዜ የተጀመረላቸው ብዙ ድመቶች በወራት ውስጥ ኢንሱሊኑን እስከ ማቆም ይደርሳሉ፤ የሰፈር ሰው «ለድመት ነው ይህ ሁሉ?» ሲላችሁ ይህን ንገሩት።

ስለ ክኒን ለሚጠይቁ፦ በአሜሪካ በ2022 እ.ኤ.አ. ቤክሳካት፣ በ2023 ደግሞ ሴንቬልጎ የተባሉ በአፍ የሚሰጡ መድኃኒቶች ለድመት ተፈቅደዋል። እዚያ የምትኖሩ ሐኪማችሁን ጠይቁ፤ ኢንሱሊን ለጀመረች ድመት ግን የተፈቀዱ አይደሉም። የሰው የስኳር ክኒን በግምት አይሰጥም። ጥቁር አዝሙድና አብሽም በኢንሱሊን ምትክ አይቆሙም።

አቅም የሌለው ሰው ደግሞ አለ። በቤቱ ኢንሱሊን የሚያስፈልገው ሰው ካለና ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ የሚቀድመው ሰውየው ነው፤ በዚህ ሊሸማቀቅ አይገባም። ምግቧን ማስተካከል፣ ውኃዋን አለማጓደልና አለማባረር ግን ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

ረመዳን ላይ ድመቷ አትጾምም፤ ሰዓቷም አይዛባም። በአገራችን ከፈጅር እስከ መግሪብ 13 ሰዓት ገደማ ስለሆነ ከፈጅር ሶላት በኋላና ከኢፍጧር በኋላ መውጋት ከ12 ሰዓቱ ብዙም አይርቅም። በአውሮፓ ያላችሁ ግን ቀኑ በጣም ስለሚረዝም ወይም ስለሚያጥር በአዛን ሳይሆን በሰዓት ያዙ። ለዒድ ወደ ክፍለ ሀገር ወይም ለዑምራ ስትሄዱ ደግሞ ቁልፉን የምትሰጡት ጎረቤት ከመሄዳችሁ ቢያንስ ሦስት ቀን በፊት እናንተ እያያችሁት ራሱ ቀድቶ ራሱ ይውጋ፤ የሐኪሙን ስልክና የማሩን ዕቃ ከሲሪንጁ ጎን አስቀምጡለት።