«አንዶር»፦ መሞቻውን የምናውቀው ሰው አነሳስ

«አንዶር»ን ጀመርኩት። የመጀመሪያዎቹን 3 ክፍሎች አይቻለሁ፤ ስሜቱ ሳይቀዘቅዝ ልጻፍላችሁ ብዬ ነው። ታሪኩን ስለምነካካ ምንም ሳይሰማ ማየት የሚፈልግ እዚህ ላይ ያቁም።

ለማያውቁት፣ «አንዶር» ከ«ስታር ዋርስ» ዓለም የወጣ ተከታታይ ፊልም ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣውን «ሮግ ዋን» ያየ ሰው ካሲያን አንዶርን ያውቀዋል። የጨቋኙ ኢምፓየር የጦር ጣቢያ የሆነውን የ«ዴዝ ስታር»ን ንድፍ ሰርቀው ለአማፅያኑ ካደረሱት አንዱ ነው፤ በዚያው ተልዕኮ ላይም ይሞታል። «ሮግ ዋን» ራሱ የ1977ቱ የመጀመሪያው ፊልም ሊጀምር ሲል የሚያበቃ ቅድመ ታሪክ ነበር። ይሄኛው ደግሞ ከዚያም 5 ዓመት ወደ ኋላ ይወስደናል።

ቅድመ ታሪክ ሲባል ሁሌ የምፈራው ነገር አለ። ሰውየው የትና እንዴት እንደሚሞት እያወቅን፣ አሁን መሣሪያ ቢደገንበት ምን ያስጨንቀናል? ተከታታዩን የፈጠረው ቶኒ ጊልሮይ ለዚህ የሰጠው መልስ በጣም ነው ደስ ያሰኘኝ፤ ይተርፍ ይሆን የሚለውን ጥያቄ ጭራሽ አላነሳውም። የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ሆኖ ነው ለሌሎች ብሎ እስከ መሞት የሚደርሰው?

ምክንያቱም እዚህ የምናገኘው ካሲያን ጀግና አይደለም። ገና ከመክፈቻው፣ በዝናባማ ሌሊት፣ እህቱን ፍለጋ ሴተኛ አዳሪዎች ቤት ይገባል። ሲወጣ ሁለት የሰከሩ የድርጅት ጥበቃ ሰዎች ገንዘቡን ሊቀሙት ያስቆሙታል። በግብግቡ አንደኛው ሳይታሰብ ይሞታል። ሁለተኛው ይለምናል፦ አብረን እንሂድ፣ ድንገተኛ አደጋ ነው ብለን እንናገር ይለዋል። ካሲያን ይሰማዋል። ከዚያ ይተኩሳል። ዲዬጎ ሉና ይህን ሲጫወተው በፊቱ ላይ ጭካኔ አላየሁም፤ ያየሁት የሚያሰላ ፍርሃት ነው። ከዚያ በኋላ ወደሚኖርበት ወደ ፌሪክስ ተመልሶ ሲያደርግ የሚውለው፣ አብሮን ነበር በሉልኝ እያለ ሰው መለመን ነው። የሚለምነውም ገንዘባቸውን በልቶ ያልመለሰላቸውን ሰዎች ጭምር ነው። የሚንተባተበውን አሮጌ ሮቦት እንኳ ዋሽልኝ ይለዋል።

ከሁሉ የበለጠ የያዘኝ ግን የቢሮው ትዕይንት ነው። የጥበቃው አለቃ የሟቾቹን ጉዳይ ሲሰማ ወዲያው ይገባዋል፤ መሄድ በሌለባቸው ቤት ጠጥተው፣ የማይነካ ሰው ነክተው ነው የሞቱት። ኢምፓየሩ ዓይኑን እንዳይጥልባቸው ነገሩ በአደጋ ተሳብቦ እንዲዘጋ ያዛል። ምክትሉ ሲሪል ካርን ግን እምቢ ይላል። የደንብ ልብሱን በራሱ ፈቃድ ልክክ አድርጎ ያሰፋ ወጣት ነው፤ አለቃውም ይህን ልብ ይለዋል። ያቺ ስፌት ስለ ሰውየው ብዙ ነገረችኝ። ሥርዓት የተጠማ፣ ለመታየት የቸኮለ ሰው ነው። ይህን ሁሉ መዘዝ የሚጎትተውም በክፋት አይደለም፤ ሕግ አከብራለሁ ብሎ ነው። በእነዚህ ክፍሎች «ስታር ዋርስ» ያስለመደን ጄዳይ የለም፣ የብርሃን ጎራዴ የለም፣ ኢምፓየሩም ከስሙ በቀር ብዙም አይታይም። የድርጅት ዘበኞች ብቻቸውን አንድ ከተማ ሲያስጨንቁ ነው የምናየው።

ፌሪክስ ደግሞ እውነተኛ ከተማ ሆና ነው የተሰማችኝ። እንደ ሌላው የ«ስታር ዋርስ» ተከታታይ «ማንዳሎሪያን» በትልቅ የስክሪን ግድግዳ ፊት አልተቀረጸችም፤ ሠርተው ነው የገነቧት። የሠራተኞቹ ጓንቶች ግድግዳ ላይ ተደርድረው ተሰቅለዋል። ማማ ላይ የሚቆም ሰው መስፉን በመዶሻ እየመታ ሰዓቱን ያሳውቃል። በ3ኛው ክፍል የድርጅቱ ታጣቂዎች ሲገቡ ነዋሪው በየቤቱ ያገኘውን ብረት መቀጥቀጥ ይጀምራል። ማንም መፈክር አያሰማም። ያ ድምፅ ግን የታጠቁትን ሰዎች ሲያርበተብታቸው ታያላችሁ። ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ እዩት።

ያልወደድኩትም አለ። ወደ ካሲያን ልጅነት የሚመልሱት ትዕይንቶች ታሪኩ ሊፋጠን ሲል ይይዙታል። የልጆቹ ንግግር ያለ ትርጉም መተዉ ጥሩ ምርጫ ነው፤ በዓይን ብቻ ይገባል። ግን ረዝሟል። 1ኛውን ክፍል ብቻ አይቶ የተሰላቸ ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። 3ቱን በአንድ ቀን፣ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 21 ቀን 2022፣ መልቀቃቸው ትክክል ነበር፤ አንድ ላይ ሲታዩ እንደ ሙሉ ፊልም ናቸው።

የትኛው ይቅደም ለምትሉኝ፣ እኔ «ሮግ ዋን» ይቅደም ባይ ነኝ። መጨረሻውን ያላወቀ ሰው የዚያን የዝናብ ሌሊት ካሲያን እንደ ወንበዴ ብቻ ነው የሚያየው።