ሁለተኛው መጽሐፍ

ከ8 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች የሚጻፍ ተከታታይ መጽሐፍ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ብዙ ቃል አይፈጅም። ገጸ ባሕርያቱ ሳይለወጡ በየመጽሐፉ አዲስ ጀብዱ የሚገጥማቸው፣ ወይም የአቀራረብ ስልቱ ሳይለወጥ በየመጽሐፉ አዲስ ርእሰ ጉዳይ የሚነሣበት፣ በጥራዙ ጎን ቁጥር የተጻፈበት ቀጭን መጽሐፍ ነው። ልብ ወለድ ይሆናል፤ ስለ እንስሳት፣ ስለ ታላላቅ ሰዎች ወይም ስለ አገር የሚያስረዳም ይሆናል። ብዙ ቃል የሚፈጀው ይህ ዓይነት መጽሐፍ ለምን እንደተናቀ መመርመሩ ነው። የኔ አቋም ግልጽ ነው፦ ልጅ አንባቢ የሚሆነው በመጀመሪያው ሳይሆን በሁለተኛው መጽሐፍ ነው፤ ሁለተኛ የሌለው መጽሐፍ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ልጁን ደስ አሰኝቶ መንገድ ላይ ይተወዋል።

የሚቀርብበት ክስ መደጋገም ነው። ያው ልጆች፣ ያው መንደር፣ ያው አጀማመር፤ አንዱን ያነበበ ሁሉንም አነበበ ይባላል። ክሱ አዲስም የእኛ ብቻም አይደለም። የወጣቷ መርማሪ የናንሲ ድሩ ተከታታይ እ.ኤ.አ. በ1930 አሜሪካ ውስጥ ተጀመረ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው)፤ የተለያዩ ሰዎች በአንድ የብዕር ስም ይጽፉት ነበር፤ ብዙ ቤተ መጻሕፍትም ተራ ነገር ነው ብለው መደርደሪያ ነፈጉት። ልጆቹ ግን እየገዙና እየተዋዋሱ አነበቡት። ከአንባቢዎቹ አንዷ ሶንያ ሶቶማዮር ኋላ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኑ፤ ናንሲ ድሩ በልጅነታቸው ምን እንዳሳደረችባቸውም ራሳቸው ተናግረዋል። አንድ ምስክር ክስ አያፈርስ ይሆናል። የሚያፈርሰው የገዛ ተረታችን ነው። አያ ጅቦ በየተረቱ እንደ አዲስ አይተዋወቅም፤ ሆዳምና ተላላ መሆኑን ልጁ ገና «ተረት ተረት» ሲባል ያውቃል። እመት ጦጢት ሁልጊዜ ብልጥ ናት። ማሞ ቂሎ የተነገረውን ሁሉ እንዳለ ወስዶ ጉድ ያፈላል። ትልቅ ሰውም ቢሆን አለቃ ገብረ ሃና ሲነሡ «እኚህን ሰው አውቃቸዋለሁ፣ ይበቃኛል» አይልም፤ ጆሮውን የሚሰጠው ስለሚያውቃቸው ነው። አባባ ተስፋዬ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከ40 ዓመታት በላይ ልጆችን የያዙት ያንኑ ሰላምታ እያስቀደሙ ነው። ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤታቸው ጋር ያቋቋሙት ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕም ከ2006 ጀምሮ በ«ፀሐይ መማር ትወዳለች» የቴሌቪዥን ዝግጅት አንዲት ቀጭኔ እየደጋገመ በማቅረብ በሕፃናት ዘንድ ቤተኛ አድርጓታል። በቃልና በስክሪን የምንወደውን ነገር በወረቀት ሲመጣ የምንንቅበት ምክንያት አይታየኝም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳምነኝ ግን ከአማርኛ ጽሕፈት ጠባይ የሚነሣ ነገር ነው፤ በእንግሊዝኛ አንባቢ ላይ የተሠራ ጥናት ሊነግረን የማይችለው። ፊደላችን አናባቢውን ቁልጭ አድርጎ ይጽፋል፤ መጥበቅና መላላትን ግን አይጽፍም። «አለ» ሲላላ ተናገረ ማለት ነው፤ ሲጠብቅ መኖርን ይናገራል። «ገና» ሲጠብቅ በዓሉ ነው፤ ሲላላ እስካሁን ማለት ነው። «ይመታል» ያለው ሰው መቺ ይሁን ተመቺ ከጽሕፈቱ አይለይም። ስምን ከሌላው ቃል የሚለይ ትልቅ ፊደልም የለንም። እስቲ «ብርሃኑ ጠፋ» የምትለውን ዐረፍተ ነገር አንድ የ9 ዓመት ልጅ በመጽሐፉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ እንዳገኛት እናስብ። መብራቱ ነው የጠፋው ወይስ ብርሃኑ የሚባል ልጅ? «ሀብታሙ መጣ» ሲልስ ባለጸጋው ነው ወይስ ሀብታሙ የሚባለው ጎረቤት? አዋቂ ይህን ሳያስበው ይሻገረዋል። ፊደል እየቆጠረ የሚያነብ ልጅ ግን በእንዲህ ያለው ቦታ ሁሉ ይቆማል፤ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ዐረፍተ ነገሩን ሲጨርስ መጀመሪያውን ይረሳል። ያ ልጅ ሁለተኛውን መጽሐፍ ሲከፍት ብርሃኑን ያውቀዋል። ብርሃኑ ጉጉ መሆኑን፣ ሳይናገር ከቤት እንደሚወጣ፣ ታላቅ እኅቱ እንደምትፈልገው ያውቃል። እናም «ብርሃኑ ጠፋ» ሲል ልቡ ይደነግጣል እንጂ አይደናቀፍም። «አለ» የምትለዋ በየገጹ አሥር ጊዜ ስትመጣ ማን ተናጋሪ፣ ማን ደግሞ ቤት ውስጥ እንዳለ ስለሚያውቅ አጥብቆም አላልቶም በትክክል ይላታል። የሚደጋገመው ነገር ሸክም አቃልሎለታል፤ የቀረው ጉልበት ለአዲሱ ነገር ይውላል። አዋቂ ዘሎ የሚያልፈው፣ ገጸ ባሕርያቱን እንደገና የሚያስተዋውቀው የመጀመሪያ ምዕራፍም ለዚሁ ነው የተጻፈው። እርሱን የስንፍና ምልክት አድርጎ የሚተች ሰው መጽሐፉ ለማን እንደተጻፈ ዘንግቷል።

«ማንበብ ላቃተው ልጅ ተከታታይ መጽሐፍ ቅንጦት ነው» የሚል ይኖራል። ክፍተቱ እውነት ነው፤ በ2010 በአገራችን በተደረገው የታችኛ ክፍሎች የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 ከመቶው ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም። ፊደል ማስቆጠር የመምህሩ ሥራ ነው፤ ተከታታይ መጽሐፍ አይተካውም። ፊደል የቆጠረ ልጅ ቅልጥፍና የሚያገኘው ግን ብዙ ገጽ በማንበብ ብቻ ነው፤ ብዙ ገጽ የሚያነበውም ቀጥሎ የሚሆነው ሲያጓጓው ነው። የመማሪያ መጽሐፍ ምንባብ ከሁለት ገጽ በኋላ በጥያቄ ይዘጋል።

እንደ ሚዛን ተፈሪና ቴፒ ባሉ የደቡብ ምዕራብ ከተሞች ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በ2021 ሲመሠረት የሥራ ቋንቋው አማርኛ ሆነ፤ እቤቱ ቤንችኛ፣ ሸኮኛ፣ ካፍኛ ወይም መዠንግርኛ ለሚናገር ልጅ ግን መጥበቅና መላላትን በጆሮ አውቆ መገመት እጥፍ ድርብ ፈተና ነው። እንዲህ ከሆነ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይጻፍለት የሚለው ተቃውሞ ትክክል ነው፤ እኔም እቀበለዋለሁ። ተከታታይ መጽሐፍ ይህንንም ያቀልለዋል፤ ሥዕሉ፣ የገጽ አቀማመጡና ገጸ ባሕርያቱ አንድ ጊዜ ከተሠሩ ቋንቋውን መለወጥ ይቻላልና። ማስረጃው ከዚሁ ምድር ጋር ይያያዛል። አሜሪካዊቷ ደራሲ ጄን ከርትዝ በሁለት ዓመታቸው ከወላጆቻቸው ጋር ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ከሚዛን በስተደቡብ በምትገኘው ማጂ አደጉ። ኋላም ከዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ጋር ኢትዮጵያ ሪድስ የተባለውን ድርጅት በማቋቋም ተሳተፉ፤ ዮሐንስ የማሞን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ በ2002 ያሳተሙ፣ በአዋሳ መጽሐፍ በአህያ ጋሪ ያዞሩ ሰው ናቸው። ከርትዝ የተሳተፉበት ሬዲ ሴት ጎ ቡክስ ደግሞ አንዱን ባለ ሥዕል መጽሐፍ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ፣ ከእንግሊዝኛ ጋር አጣምሮ ያወጣል። ከሥዕል መጽሐፍ በላይ ያለው ደረጃ ነው የጎደለን። እኚሁ ደራሲ በ2003 «ሳባ» የተባለች ልጅ በ1846 ኢትዮጵያ የሚገጥማትን ጽፈዋል፤ የታተመውም የልዩ ልዩ አገር ልጃገረዶችን ታሪክ በያዘ ባለ 8 መጽሐፍ ተከታታይ ውስጥ ነው፤ በእንግሊዝኛ፣ ለአሜሪካ ልጆች። ይህን ስል ደራሲዋን መውቀሴ አይደለም። ያንን መደርደሪያ በአማርኛ ልንሠራው ይገባናል ማለቴ ነው፤ የ10 ዓመት ልጅ ከሥዕል መጽሐፍ በአንድ ዝላይ «ፍቅር እስከ መቃብር» ላይ እንዲያርፍ መጠበቅ አይቻልምና።

ልብ ወለዱን ከሚያስረዳው መጽሐፍ ጋር ማጣመርም ይቻላል። የሜሪ ፖፕ ኦስቦርን ማጂክ ትሪ ሃውስ ከ1992 ጀምሮ ሁለት ልጆችን በየዘመኑ ሲያዞር ቆይቶ፣ ከ2000 ወዲህ ከጀብዱው ጎን ስለዚያው ርእሰ ጉዳይ እውነቱን የሚያስረዳ ጓደኛ መጽሐፍ ይወጣለታል። ልጁ በታሪኩ ጥያቄ ያነሣል፤ መልሱን በጓደኛው መጽሐፍ ያገኛል። ይህ ስልት ለቡና አገር የተፈጠረ ይመስለኛል። በ1930ዎቹ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን የተወሰደው የጌሻ ቡና በምሥራቅ አፍሪካ የምርምር ጣቢያዎች አልፎ በ1953 ኮስታ ሪካ ደረሰ፤ ከዚያም ፓናማ ገብቶ በ2004 በአገሪቱ የቡና ውድድር አንደኛ ሲወጣ ዓለም ጉድ አለ። ብርሃኑና እኅቱ አንድ ፍሬ ተከትለው አራት አገር ቢያቋርጡ አራት መጽሐፍ ነው። ጓደኛ መጽሐፉ ደግሞ ልጁ በየቀኑ የሚያየውን ነገር ቀረብ አድርጎ ያሳየዋል፦ ከዝናቡ በኋላ ነጭ ሆኖ ፈክቶ በጥቂት ቀናት የሚረግፈውን አበባ፤ እሸት ቡና ተፈልፍሎ፣ ታጥቦ አልጋ ላይ ሲሰጣና ከነገለባው ደርቆ ጀንፈል ሲሆን ያለውን ልዩነት፤ ከቡና ቅጠልና ከቅመማ ቅመም የሚፈላውን ጨሞ፤ ኮረሪማው ለምን ጥላ እንደሚወድ። «ልጁ ይህን ሁሉ ያውቀዋል፣ ምን ያስፈልገዋል?» ለሚል ሰው መልሴ ይህ ነው፦ የሚያውቀውን ነገር ተጽፎ ሲያገኘው ያልገባውን ቃል ከኑሮው ተነሥቶ ይፈታዋል። ስለ በረዶ ሰው ሲያነብ ይህ ዕድል የለውም።

ዋጋውን በተመለከተ፣ ማተሚያ ቤት ወረቀት በ16 ገጽ ያጥፋል፤ ባለ 64 ገጽ መጽሐፍ አራት እጥፋት ብቻ ነው። ሥዓሊው ፊቶቹን አንዴ ከፈጠረ በየመጽሐፉ ከዜሮ አይጀምርም። አንድ ስብስብ ደግሞ ለአንድ ክፍል ተማሪዎች ሁሉ ይበቃል፤ ካልተቆለፈበት። እዚህ ላይ መምህራንንና ወላጆችን ትንሽ መቆጣት አለብኝ። መጽሐፍ እንዳይበላሽ ተብሎ ቁም ሣጥን ውስጥ አይታሰርም፤ የሚነበብ መጽሐፍ ይበላሻል። ልጁ ገና ክዳኑን ሳይዘጋ «ምን ተማርህ?» ተብሎ አይፈተንም፤ ሊጠየቅ የሚገባው «ቀጥሎ ምን የሚሆን ይመስልሃል?» ነው። በካርቶን የሚለግሱ ሰዎችም፣ የአንድ ተከታታይ 3ኛ፣ 9ኛና 14ኛ መጽሐፍ ከመላክ ከ1 እስከ 5 ያለውን ቢያሟሉ ይሻላል። መደርደሪያው በልጁ ቁመት ልክ ይሁን፤ መጻሕፍቱ በቁጥራቸው ተራ ይቁሙ። 4ኛውን አንድ ልጅ ሲወስደው የቀሩትን አስጠግቶ ክፍተቱን መድፈን አያስፈልግም፤ 3ኛውን የጨረሰችው ልጅ ባዶውን ቦታ አይታ «ማን ወሰደው?» ብላ እንድትጠይቅ ይተውላት።