ያውቁ ኖሯል? አሮጌዋ ዲኤክስ እና ቅንጡው መኪና

ከ40 ዓመት በፊት የተሠሩ ቶዮታ ኮሮላ «ዲኤክስ» መኪኖች ዛሬም በኢትዮጵያ መንገዶች ላይ እንደሚሠሩ ያውቁ ኖሯል? ሞተራቸው ኮምፒውተር የለውም፤ ነዳጅና አየር የሚቀላቀሉት በካርቡሬተር ነው። ካርቡሬተር ተፈትቶ፣ በቤንዚን ታጥቦ፣ በካቻቢቴ ተስተካክሎ ይገጠማል። ስለዚህ ከደሴ በሐይቅና በውጫሌ አልፎ ወደ ወልድያ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ቢቆሙ እንኳ፣ ብዙው ብልሽታቸው በአካባቢው መካኒክ እጅ ይፈታል።

በአንጻሩ ቅንጡ መኪና ሲበላሽ ወጪው ይከብዳል። አንዳንዶቹ በብረት ሞላ ፈንታ የታመቀ አየር በያዘ የጎማ ከረጢት ላይ ያርፋሉ። ከረጢቱ ሲሰነጠቅ አየር ያፈሳል፤ አየር የሚሞላው ኮምፕሬሰርም ያለ ዕረፍት ሲሠራ ይቃጠላል። አንዱ ጉዳት ሁለት ዕቃ ያስገዛል። ብልሽቱን ለማንበብም ለሞዴሉ የሚሆን መመርመሪያ ያስፈልጋል። ከሁሉ የሚከፋው፣ መኪናው አርጅቶ ዋጋው ቢወርድም የመለዋወጫው ዋጋ አብሮት አለመውረዱ ነው፤ በርካሽ የተገዛ ያገለገለ ቅንጡ መኪና የሚጠገነው በውድ መኪና መለዋወጫ ዋጋ ነው።

በአደጋ ጊዜ ግን ብልጫው የቅንጡው ነው፤ ዲኤክስ ኤርባግ የላትም።