ጠመንጃው ፈቃድ አለው፤ አውሮፕላኑስ?

በቀደም አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ቡና ስንጠጣ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው አንድ የአርሲ ሰው የጠመንጃ ፈቃዳቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው አሳዩኝ። በላስቲክ ተለብጧል፤ ማዕዘኑ ከመታጠፍ ብዛት ነጥቷል። ጅማ አካባቢ የሚያርስ ልጃቸው ከርከሮ በቆሎውን እየፈጀበት ነው። እሳቸውም መሣሪያቸውን ይዘው በአውሮፕላን ሊደርሱለት አስበዋል። «ልጄ፣ ይቺ ካለች ማን ያግደኛል?» አሉኝ። ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ስሰማው የኖርኩት የተሳሳተ እምነት ሁሉ በዚያች ጥያቄ ውስጥ ነበር።

ዋናው «ፈቃድ ካለ በር ሁሉ ክፍት ነው» የሚለው ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 መሣሪያ መያዝን በፈቃድ ብቻ የሚሆን ነገር አድርጎታል። ፈቃዱ የሚናገረው ግን ስለ ባለቤቱና ስለ መሣሪያው እንጂ ስለ አውሮፕላን አይደለም። አውሮፕላን ላይ የሚሠራው ሌላ ደንብ ነው። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት 17ኛ አባሪ እንደሚለው፣ መሣሪያ የሚጫነው ሥልጣን ያለው ሰው ጥይት አለመጉረሱን ካረጋገጠ በኋላ፣ ተሳፋሪ በበረራ ላይ ሊደርስበት በማይችል ቦታ ነው። በዚያ ላይ አየር መንገዱ አስቀድሞ መፍቀድ አለበት፤ እምቢ ማለትም ይችላል። ስለዚህ ጥያቄው የሚቀርበው ትኬት ከመቆረጡ በፊት ነው። አዳማ የመንገደኛ አውሮፕላን ማረፊያ ስለሌላት ጉዞው ወደ ቦሌ በመኪና ይጀምራል። እዚያ ደርሶ ተከልክሎ መመለስ ደግሞ አንድ ሙሉ ቀን ይበላል።

«ጥይቱን ካወጣሁት በእጄ ብይዘው ምን አለበት?» የሚሉም አሉ። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው፤ አጠገቡ ለተቀመጠችው እናት ጠመንጃ ጠመንጃ ነው። የእኛው ታሪክ ይህን በደንብ ያስተምራል። ኅዳር 29 ቀን 1965 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ አስመራ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ላይ መሣሪያ ይዘው የገቡ ወጣቶች ጠለፋ ሞከሩ። በተሳፋሪዎች መካከል ተኩስ ተከፈተ፣ የእጅ ቦምብ ፈነዳ። ከጠላፊዎቹ መካከል የነበሩት ዋለልኝ መኮንንና ማርታ መብራህቱ ሕይወታቸው ያለፈው በዚህ ሙከራ ነው። አብራሪው የተጎዳውን አውሮፕላን መልሶ አዲስ አበባ አሳረፈ። ከዚያ ጠባብ ክፍል ማንም ሸሽቶ መውጣት አይችልም ነበር።

ጥይት ከጠመንጃው ተለይቶ የሚታይ ነገር ነው፤ በአደገኛ ዕቃዎች ደንብ ከፈንጂ ወገን ይመደባል። አየር መንገዱ ከፈቀደ አንድ ተሳፋሪ ለራሱ መጠቀሚያ የሚሆን እስከ 5 ኪሎ፣ ከነማሸጊያው፣ በሚጫነው ሻንጣ ሊልክ ይችላል። የአንድ የአደን ጠመንጃ ጥይት ወደ 25 ግራም ስለሚመዝን ይህ 200 ፍሬ አይሞላም። የባልና የሚስትን ድርሻ አንድ ካርቶን ውስጥ መክተት አይፈቀድም። የሚፈነዳ ወይም የሚያቃጥል አረር ያለው ጥይት ጭራሽ አይጫንም። 5 ኪሎው የበረራው ጣሪያ ነው፤ የአገሩ ሕግ የሚፈቅደው ካነሰ ገዢው ያነሰው ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ «ቼክ ኢን ላይ ስደርስ እናገራለሁ» የሚለው ነው። ይህ አሜሪካ ካሉ ዘመዶቻችን የመጣ ምክር ይመስለኛል። እዚያ ጠመንጃው ባዶ ሆኖ፣ በተቆለፈ ጠንካራ ሳጥን ገብቶ፣ ሻንጣ ማስረከቢያው ላይ ይነገራል። ቦሌ ግን የመጀመሪያው ኤክስሬይ ያለው ሕንፃው መግቢያ ላይ፣ ከቼክ ኢን በፊት ነው። «ልናገር ነበር» የሚል ሰው ሳይናገር ተገኝቷል። እዚህ መናገር የሚገባው በሩ ላይ ላለው ፖሊስ ነው፤ ያውም ሻንጣው ማሽኑ ላይ ሳይወጣ።

አሜሪካም ቢሆን ነገሩ እንደሚወራው ልቅ አይደለም። በ2005 እ.ኤ.አ. አንድ የዩታ ነዋሪ ኒው ጀርሲ ኒውዋርክ ላይ ቀጣዩ በረራ አመለጠውና፣ ሽጉጡ ያለበትን ሻንጣ ተቀብሎ ሆቴል አደረ። በነጋታው አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ራሱ ተናግሮ ታሰረ። ክሱ ኋላ ቢነሳለትም ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2010፣ ሻንጣው እጁ ስለገባ፣ የፌዴራሉ ሕግ መሣሪያ ይዞ በስቴት ለሚያልፍ መንገደኛ የሚሰጠው ከለላ አይሸፍነውም አለ። ሚኒሶታ ሆናችሁ ለአጋዘን አደን ወደ ሌላ ስቴት የምትበሩ ወገኖቼ የምታልፉበትንም ስቴት ሕግ እዩ።

የጠመንጃ ፈቃድ የአደን ፈቃድም አይደለም። ከአርሲ ነገሌ በስተምሥራቅ በሙኔሳ ደን፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የማይገኘውን የደጋ አጋዘን የሚያድን ሰው ፈቃድ የሚያገኘው ከዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው፤ ባለሙያ አዳኝም አብሮት ይወጣል። አቢያታ ሻላና አዋሽ ብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ፣ ወይም የስንቅሌ ቆርኬ ላይ መተኮስ ግን በአደን ፈቃድም አይቻልም። ከርከሮም ሰብል ስለበላ ብቻ ከዱር እንስሳት ሕጉ አይወጣም።

አባባ ይህን ሁሉ ሰምተው ዝም አሉ። ከዚያ ለጉዞ ያሰቡትን የሸራ ቦርሳ ጎትተው የጎን ኪሱን ገለበጡት። አንድ ማበጠሪያ፣ ሁለት የአውቶቡስ ትኬት፣ ጭራሽ የረሷት አንዲት ጥይት። መዳፋቸው ላይ አድርገው ትንሽ አዩአትና ወደ ጅማ ደወሉ። «መጀመሪያ ወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ሄደህ አመልክት» ሲሉት ሰማሁ።