የኩሬ ተሐዋስያን ምስልና የሰው ግምት

በመሰላም ሆነ በጭሮ ዙሪያ ውሃ ለሚቀዳ ሰው የመጀመሪያው ፈራጅ ዓይኑ ነው፤ ድፍርሱን ይጸየፋል፣ የጠራውን ያምናል። ነገር ግን ቢልሃርዚያ የተባለውን ደዌ የሚያመጣው እጭ፣ ጅራቱ መንታ ሆኖ ቁመቱ ከአንድ ሚሊሜትር የማይደርስ ስለ ሆነ፣ ጠጠሩ ወለል ብሎ በሚታይበት ውሃ ውስጥም ያለ አንዳች ምልክት ሲዋኝ ይውላል።

«ካልጠጣሁት ምን ያደርገኛል» የሚለው ግምት ከዚህም ይብሳል። እጩ በጉሮሮ ሳይሆን በጤነኛ ቆዳ ሰርስሮ ይገባልና፣ ልብስ የሚያጥቡ እናቶች፣ የሚዋኙ ሕፃናትና በመስኖ ቦይ የሚቆሙ ገበሬዎች ሳይጠጡት ይታመማሉ፤ ፎቶግራፍ ሊያነሣ ሲል እጩ የሚወጣበትን ቀንድ አውጣ በባዶ እጁ የሚለቅም ሰውም ከነዚህ የተለየ ጋሻ የለውም።

የእጩን ምስል ለማንሣት ውድ መሣሪያ ያስፈልጋል የሚሉም አሉ። ቀንድ አውጣው በብርጭቆ ውሃ ተደርጎ ብርሃን ቢያገኝና ደዌው ቢኖርበት፣ እጮቹ እየወጡ ይበተናሉ፤ አርባ ጊዜ የሚያጎላ ማይክሮስኮፕና በመመልከቻው ላይ የተደገፈ የእጅ ስልክ ይበቃሉ። ማጉላቱ በበዛ ቁጥር ጥርት ብሎ የሚታየው ስፍራ ስለሚጠብ፣ ዋናተኛው ፍጥረት ወዲያው ይደበዝዛል። አንድ ጠብታ አዮዲን ያቆመዋል፣ ነገር ግን ይገድለዋል፤ በምስሉ ላይ የሚደነቀው ቡናማ ቀለምም የአዮዲኑ እንጂ የፍጥረቱ አይደለም።

በጠብታው የሚታየው ሁሉ የደዌ ምንጭ ይመስላል፤ ፓራሚሲየምና የውሃ ቁንጫ ግን በሰው ላይ ጥገኞች አይደሉም። መንታ ጅራት ያለውም ቢሆን የወፍ ትል እጭ ሊሆን ይችላልና፣ በምስል ብቻ ኩሬን መኰነን ፍርድ ማዛባት ነው። የአንጀት ቢልሃርዚያ በሰው ላይ መኖሩ የሚረጋገጠው፣ ጎኑ እሾኻም የሆነው የደዌው ትል እንቁላል በሰገራ ምርመራ ሲገኝ ነው።

ደግሞም ታላቅ ግኝት ሁሉ ከማይክሮስኮፕ ይወለዳል ማለት ከንቱ ነው። ተመራማሪው ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በአድዋ፣ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት በታች የሞቱ ቀንድ አውጦችን ያዩት በባዶ ዓይናቸው ነበር፤ እንዶድ የደዌውን ተሸካሚ እንደሚገድል ለዓለም የታወቀውም ከዚያ ትዝብት በተነሣ ምርምር ነው።

እንግዲህ ናሙና የምትቀዱ ሁሉ ጓንትና ረጅም ቦቲ አድርጉ። ቀንድ አውጣ የሌለበት የተቀዳ ውሃ ሁለት ቀን ሙሉ ተከድኖ ቢቆይ እጩ ይሞታል፤ ለመጠጥ ግን አሁንም መፍላት አለበት።