ነፋስ፣ ቀዝቃዛ ውሃና አንቾቬታ

እ.ኤ.አ. በ1970 ፔሩ ከ12 ሚሊዮን ቶን በላይ አንቾቬታ የተባለ ትንሽ ዓሣ አሰገረች፤ ባለሙያዎች ከመከሩት መጠን እጅግ የበለጠ ነበር። በ1973 ምርቱ ከ2 ሚሊዮን ቶን በታች አሽቆለቆለ። ከልክ ያለፈው ማስገር ያመነመነውን ዓሣ ባሕሩን ያሞቀው የ1972ቱ ኤል ኒኞ ጨረሰው። ዛሬ የዓለም ሙቀት ሲጨምር ያ ባሕር ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ ተመራማሪዎችን ያከራክራል።

የአንቾቬታ ኑሮ በነፋስ ላይ የተመሠረተ ነው። ዳርቻውን ተከትሎ ወደ ሰሜን የሚነፍሰው ነፋስ፣ ከምድር መሽከርከር ጋር ተዳምሮ፣ የላዩን ውሃ ከዳር ያርቃል። በምትኩ ከጥልቁ ቀዝቃዛ፣ ናይትሬትና ፎስፌት የበዛበት ውሃ ይወጣል። ያን ጊዜ ፕላንክተን የሚባለው ደቃቅ የባሕር ሕይወት ይበዛል፤ ዓሣውም የባሕር ወፉም ይጠግባል። እንዲህ ያሉት አራት ታላላቅ አካባቢዎች የፔሩና የቺሊ፣ የካሊፎርኒያ፣ የሰሜን ምዕራብ አፍሪካ እንዲሁም የናሚቢያና የደቡብ አፍሪካ ዳርቻዎች ናቸው። ከውቅያኖስ ስፋት 2 በመቶ እንኳ ሳይሞሉ ከዓለም የባሕር ዓሣ አንድ አምስተኛ ያህሉን ይሰጣሉ።

በ1990 አንድሩ ባኩን የተባለ ተመራማሪ ሳይንስ በተባለው መጽሔት አንድ መላምት አቀረበ፦ የብሱ ከባሕሩ ፈጥኖ ስለሚሞቅ የአየር ግፊት ልዩነቱ ይሰፋል፤ ነፋሱ ይበረታል፤ ቀዝቃዛውም ውሃ በብዛት ይወጣል። በ2014 በዚያው መጽሔት የወጣ፣ ቀደምት ጥናቶችን ያጠናቀረ ሥራ ከአራቱ በሦስቱ ነፋሱ መበርታቱን አመለከተ፤ በሰሜን ምዕራብ አፍሪካ ግን ውጤቱ የተለያየ ነበር።

ነፋስ በረታ ማለት ግን ዓሣ በዛ ማለት አይደለም። ነፋሱ ሲያይል ፕላንክተኑን ከዳርቻው ጠርጎ ይወስደዋል። ከጥልቁ የሚወጣው ውሃም ኦክስጅን ያነሰውና አሲድነት ያየለበት ነው፤ በ2002 በአሜሪካዋ ኦሬጎን ዳርቻ ሸርጣኖችና ዓሦች ታፍነው አልቀዋል። በሌላ በኩል የላዩ ውሃ ከልክ በላይ ሲሞቅ ከታች ያለው ምግብ ሽቅብ እንዳይወጣ ያግደዋል።

ጉዳዩ እኛንም ይነካል። የፔሩን ባሕር የሚያሞቀው ኤል ኒኞ ብዙ ጊዜ የኢትዮጵያን የክረምት ዝናብ ያሳንሳል፤ የ2015ቱ ድርቅ 10.2 ሚሊዮን ሰው ለምግብ እርዳታ ዳርጓል።

በ2023 ኤል ኒኞ ሲመጣ ፔሩ በዋናው የማስገሪያ ቀጣና የዓመቱን የመጀመሪያ ወቅት ሰረዘች፤ የባሕር ኢንስቲትዩቷ ቅኝት ገና ያልደረሰ ዓሣ መብዛቱን አሳይቷት ነበር። አስጋሪው ገቢ አጣ፤ ዓሣው ግን ለመራባት ጊዜ አገኘ። በ1970ም መካሪ ነበረ፤ ያልነበረው ሰሚ ነው። ሳይንሱ ክርክሩን እስኪቋጭ ድረስ የሚያዋጣው ባሕሩን ሳያቋርጡ መለካትና ልኬቱ ሲያስጠነቅቅ መስማት ነው።