ምላጩ ካለፈ በኋላ የሚመጣው ሕመም

ዐሊይ ኢብኑ አቢ ጣሊብ (ረ.ዐ) መዝይ ስለሚባለው፣ ከብልት ስለሚወጣው ቀጭን ፈሳሽ ብይኑን ማወቅ ፈለጉ። ይሁን እንጂ የረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ የፋጢማ ባለቤት በመሆናቸው እንዲህ ያለውን ጉዳይ ፊት ለፊት አንስተው መጠየቁ አሳፈራቸው። ቢያፍሩም ነገሩን አልተዉትም። ሚቅዳድ ኢብኑል አስወድ (ረ.ዐ) እንዲጠይቁላቸው አደረጉ፤ መልሱም ተገኘ። ይህን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ሐያእ ከኢማን መሆኑን ሁላችንም እንናገራለን። የዐሊይ (ረ.ዐ) ታሪክ ደግሞ ሐያእ ያለው ሰው ለጥያቄው መንገድ እንደሚፈልግ ያስተምረናል።

እኛ በአቃቂ ቃሊቲ ወጣቶችን ስለ ጦሃራ ስናስተምር ስለ ውዱእና ስለ ተየሙም ብዙ እጅ ይነሣል። ነገሩ የሃፍረተ ገላን ፀጉር ከማስወገድ ላይ ሲደርስ ግን ሁሉም አንገቱን ይደፋል። ጥያቄውን ስም ሳይጽፉ በቁራጭ ወረቀት እንዲሰጡን ስናደርግ ደጋግሞ የሚመጣው አንድ ነው፤ «በተላጨን በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ቦታው ያሳክካል፣ ያብጣል፣ መግል ይቋጥራል። ምን እናድርግ?» የሚል።

ውድ አንባቢያን! ይህ ቀላል ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። ሕመሙን ፈርቶ ሱናውን ጨርሶ የተወ ወጣት አለ። እብጠቱን በመርፌ እየወጋ ቁስል ያደረገ አለ። የአባላዘር በሽታ ነው ይሉኛል ብሎ ከሐኪምም ከሚስቱም የሚደበቅ ባለ ትዳር አለ። ሁሉንም የሚያገናኛቸው መልሱን አለማወቃቸው ነው።

ሱናው የሚጠይቀው ምንድን ነው?

አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ባስተላለፉትና ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ የሃፍረተ ገላን ፀጉር ማስወገድ ከግርዛት፣ ቀድሞ ቀመስን ከማሳጠር፣ ጥፍርን ከመቁረጥና የብብትን ፀጉር ከመንቀል ጋር ከአምስቱ የፊጥራ ተግባራት ተቆጥሯል። አነስ (ረ.ዐ) ባስተላለፉትና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ደግሞ ለነዚህ ነገሮች ከ40 ሌሊት እንዳያልፉ ገደብ ተደርጓል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ልብ እንበል። የመጀመሪያው፣ 40 ቀን የመጨረሻው ገደብ ነው። በየሳምንቱ መላጨት ግዴታ ነው ያለ የለም። ሁለተኛው፣ ዓላማው ፀጉሩን ማስወገድ ነው። ቆዳው እንደ ብርጭቆ እስኪለሰልስ መፋቅ አልታዘዘም። በሐዲሱ የመጣው «ኢስቲሕዳድ» የሚለው ቃል ከ«ሐዲድ» ማለትም ከብረት የመጣ ነው፤ በምላጭ ማስወገድን ያመለክታል። ይሁን እንጂ በወሎ ሐሪማዎች ሲቀራ የኖረው የ«ሚንሀጅ» ባለቤት ኢማሙ ነወዊ መላጨቱ በላጭ ቢሆንም በመቀስ ማሳጠር፣ መንቀል ወይም ኑራ በሚባለው ፀጉር አስወጋጅ መጠቀም እንደሚፈቀድ ገልጸዋል።

እኚሁ ኢማም ስለ ብብት ፀጉር ያወሱት አንድ ዘገባ ለጉዳያችን ትልቅ ትምህርት አለው። አንድ ሰው ከኢማሙ ሻፊዒይ ዘንድ ሲገባ ፀጉር አስተካካይ ብብታቸውን በምላጭ ሲላጭላቸው አገኘ። ኢማሙም ሱናው መንቀል መሆኑን እንደሚያውቁ፣ ነገር ግን ሕመሙን እንደማይችሉት ነገሩት። አስተውሉ፤ ሱናውን አልተዉትም፤ ራሳቸውንም አላሰቃዩም። ገላቸው ወደሚችለው የተፈቀደ መንገድ ዞሩ። ምላጭ የሚያሳብጠው ወንድምም ዛሬ ይህንኑ ማድረግ ይችላል።

ፀጉሩ ለምን ወደ ውስጥ ይበቅላል?

የብዙዎቻችን ፀጉር ጥቅልል ነው፤ የሚበቅልበት ቀዳዳም ጎበጥ ያለ ነው። ምላጭ ሲቆርጠው ጫፉን እንደ እሾህ አሹሎ ይተወዋል። ይህ ጫፍ ተመልሶ ሲያድግ በሁለት መንገድ ቆዳን ይወጋል። አንደኛው፣ ከቆዳ ወጥቶ ከታጠፈ በኋላ መልሶ ሲበሳው ነው። ሁለተኛው፣ ከቆዳ በታች ተቆርጦ ከነበረ ገና ሳይወጣ የቀዳዳውን ግድግዳ ሲበሳ ነው። ይህ ሁለተኛው የሚብሰው ቆዳን ወጥሮ በሚላጭ ሰው ላይና ብዙ ምላጭ በተደረደረበት መላጫ በሚጠቀም ሰው ላይ ነው። የፊተኛው ምላጭ ፀጉሩን ሲስበው የኋለኛው ይቆርጠዋል፤ የቀረው ወደ ውስጥ ይሸሸጋል።

ሰውነት የገዛ ፀጉሩን ከውጭ እንደ ገባ እሾህ ይዋጋዋል። ቦታው ያብጣል፣ ያሳክካል፤ በጠይም ቆዳ ላይ ጥቁር ነጥብ ጥሎ ያልፋል። በተበሳው ቆዳ ተሕዋስ ሲገባበት ደግሞ መግል ይቋጥራል። እንግዲህ ይህ የንጽሕና ጉድለት አይደለም፤ የዝሙት ምልክትም አይደለም። ሚስትም ባሏን በዚህ ልትጠረጥረው አይገባም።

ላብና የልብስ መፋተግ ነገሩን ያባብሱታል። በፋብሪካ ሙቀት ውስጥ ቆሞ የሚውል ሠራተኛ፣ ከቃሊቲ ተነሥቶ በአፋር በረሃ ወደ ጅቡቲ ወደብ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌርና ረዳቱ ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። ከረጅም ጉዞ በፊት በነበረው ሌሊት ተላጭቶ ጠባብ ሱሪ አድርጎ መንገድ መጀመር ሕመሙን መጋበዝ ነው። ከመንገድ ሲመለሱ መላጨት ይሻላል።

እንዴት እንላጭ?

ከችኮላ እንራቅ። ብዙ ወጣት 38 ቀን ቆይቶ በጁሙዓ ሌሊት ወይም በዒድ ዋዜማ ረጅሙን ፀጉር በደረቁ ይፈጀዋል። ኡድሒያ ለማረድ ያሰበ ሰው ደግሞ ዙልሒጃ ከገባ ጀምሮ እስኪያርድ ፀጉሩንና ጥፍሩን እንዳይነካ ታዟልና፣ ወሩ ሳይገባ ቀደም ብሎ ተረጋግቶ ይፈጽም።

በመጀመሪያ ረጅሙን ፀጉር በመቀስ እናሳጥረው። ቀጥሎ ቦታውን ለብ ባለ ውሃ ለአምስት ደቂቃ ያህል እናርጥበው፤ ፀጉሩ ይለሰልሳል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር እንኳ ለዚህ አንድ ጆግ ይበቃል። የሳሙና አረፋ እንቀባና በስለታም አዲስ ምላጭ ፀጉሩ በሚተኛበት አቅጣጫ እንላጭ። ቆዳውን አንወጥር፣ ምላጩን አንጫን፣ አንዱን ቦታ አንመላልስ። በየመሐሉ ምላጩን በውሃ እናጥራ። ስንጨርስ በቀዝቃዛ ውሃ ታጥበን፣ ሳንፈትግ አድርቀን፣ ሰፋ ያለ የጥጥ የውስጥ ልብስ እንልበስ። ሎሚ፣ አልኮል ወይም ያልተበረዘ ዲቶል ማፍሰስ ቆዳውን ያቃጥለዋል እንጂ አይጠቅመውም።

ይህን ሁሉ አድርጎም ቦታው የሚያብጥበት ሰው ምላጩን ትቶ በመቀስ ወይም ለራሱ ብቻ በያዘው የፀጉር ማሽን፣ ቆዳውን ሳይነካ አሳጥሮ ይቁረጠው። ጫፉ ከቆዳ በላይ ስለሚቀር ወደ ውስጥ የመግባት ዕድሉ በጣም ይቀንሳል። ፀጉር የሚያረግፍ ቅባት የሚጠቀም ደግሞ አስቀድሞ በትንሽ ቦታ ሞክሮ አንድ ቀን ይጠብቅ፤ ብልቱን ራሱንና የቆሰለ ቦታን አያስነካ።

አንድ ከባድ ማሳሰቢያ አለን። ሦስትና አራት ሆነው አንድ ክፍል የተከራዩ ወጣቶች መላጫ ሲዋዋሱ እናያለን። ይህ ፈጽሞ መቅረት አለበት። ምላጭ በዐይን የማይታይ ደም ይይዛል፤ ኤች አይ ቪም፣ ጉበትን የሚያጠቃው ሄፓታይተስ ቢም በዚህ መንገድ ሊተላለፉ ይችላሉ። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን መቆየት ይችላል። ስለዚህ መላጫ እንደ ጥርስ ብሩሽ የግል ነው፤ ለወንድምም አይዋስም። ያገለገለውንም ምላጭ በወረቀት ጠቅልለን ሕፃናት በማይደርሱበት እንጣለው።

ሕመሙ ከመጣስ?

የመጀመሪያው መድኃኒት መላጨትን ማቆም ነው። ፀጉሩ ሲረዝም አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ከቆዳው ይላቀቃል። የቆዳ ሐኪሞች ለዚህ አራት ሳምንት ያህል ታገሡ ይላሉ። ቁጥሩን እናስተያየው፤ አራት ሳምንት 28 ቀን ነው፤ ሸሪዓው የሰጠን ገደብ 40 ነው። ቆዳችን የሚድንበት ጊዜ በገደቡ ውስጥ ተቀምጦልናል ማለት ነው። ከዚያ በላይ ቢያስፈልግ ደግሞ በመቀስ ማሳጠር አለ። ስለዚህ «ካልተላጨሁ ሱናው ያመልጠኛል» ብሎ በቁስል ላይ ምላጭ የሚያሳልፍ ሰው ዲኑ ያላሸከመውን እየተሸከመ ነው።

በንጹሕ ጨርቅ የተነከረ ለብ ያለ ውሃ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ለ10 ደቂቃ ያህል መያዝ እብጠቱን ያለዝበዋል። ፀጉሩ እንደ ቀለበት ታጥፎ ከላይ የሚታይ ከሆነ በተቀቀለ ወረንጦ ጫፉን ቀስ ብሎ ማንሣት ይቻላል፤ መንቀል ግን አይገባም፤ ተመልሶ ሲበቅል ያው ይሆናልና። ካልታየ አንቆፍር፤ መግል የያዘውንም አንጭመቅ። ጎረቤት የሰጠንን ቅባት፣ በተለይ ስቴሮይድ ያለበትን፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንቀባ፤ የዚያ አካባቢ ቆዳ ስስ በመሆኑ ይበልጥ ያሳሳዋል።

ስለ ሶላትም ይጠይቁናል። በሻፊዒይ መዝሀብ ከእብጠት የሚወጣ ደምና መግል ውዱእ አያፈርስም፤ ጥቂቱም ልብስ ላይ ቢነካ ይቅር የተባለ ነው። በሐነፊይ መዝሀብ ግን ከቁስሉ አልፎ የፈሰሰ ደምና መግል ውዱእ ያፈርሳል። እያንዳንዱ የሚከተለውን መዝሀብ ከሰፈሩ ኡስታዝ ይጠይቅ፤ በዚህ ሰበብ ሶላት የሚተው ግን አይኑር።

ወደ ሐኪም መሄድ ያለብን መቼ ነው?

አቡ ዳዉድ በዘገቡት ሐዲስ በጉዞ ላይ ራሱን ተፈንክቶ ስለ ነበረ ሰው ተወስቷል። ጀናባ ሆኖ ተየሙም ይበቃኝ እንደሆነ ባልደረቦቹን ቢጠይቅ የለም አሉት፤ ታጠበና ሞተ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ሲሰሙ ሰዎቹን በብርቱ ገሠጹ፤ ያላወቀ ሰው መድኃኒቱ መጠየቅ መሆኑንም አስረዱ። ትንሽ ቁስል እንኳ በተሳሳተ ምክር ነፍስ ሊያሳጣ ይችላልና ከሚያውቅ እንጠይቅ።

እብጠቱ እየሰፋ ከሄደ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ በብሽሽት ንፍፊት ከወጣ፣ መግሉ ካላቆመ በቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ በብልቱና በቆለጡ አካባቢ በፍጥነት የሚሰፋ ብርቱ ሕመምና እብጠት ካየ አንድ ሌሊትም አይደር፤ ሕይወትን የሚያሠጋ ነው። ብጉንጁ በብብትና በብሽሽት እየተመላለሰ ጠባሳ የሚተው ከሆነ የራሱ ሕክምና ያለው ሌላ የቆዳ በሽታ ሊሆን ይችላል። እብጠት ሳይሆን ክፍት ቁስል ከወጣ፣ ባያምም እንኳ፣ ወይም ከብልት ፈሳሽ ካለ «መላጨት ያመጣው ነው» ብለን አንለፈው፤ እንመርመር።

በክፍለ ከተማችን ጤና ጣቢያዎች አሉ፤ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታልም እዚሁ አቃቂ ቃሊቲ ነው። ዘነበወርቅ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል ደግሞ በቆዳ ሕክምና የታወቀ ነው። ሃፍረተ ገላን ለሐኪም ማሳየት ይከብዳል። ሆኖም ፉቀሃዎች ለሕክምና ሲባል አስፈላጊ የሆነውን ያህል መግለጥን ፈቅደዋል፤ ወንድ ሐኪም እንዲያየን መጠየቅም መብታችን ነው። ፊት ለፊት መናገር ላቃተው «የማሳይህ እብጠት አለ» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃዋል። የቀረውን ሐኪሙ ያውቀዋል።

ለአባቶችና ለታላላቅ ወንድሞች

ልጃችሁ ለአቅመ አዳም ሲደርስ ሶላት እንዲሰግድ ትቆጣጠራላችሁ። ስለ ፊጥራ ሱናስ ማን ይንገረው? ከናንተ ካልሰማ ከመንደር ጓደኛ ይሰማል፤ የተዋሰውንም ምላጭ ይዞ ብቻውን ይማራል። ስለዚህ የራሱን መላጫና ትንሽ መቀስ ግዙለት፤ እንዴት እንደሚይዘው በቃል አስረዱት፤ ቢያምህ ንገረኝ በሉት። አባት የሚያፍር ከሆነ አጎት ወይም ታላቅ ወንድም ይንገረው። የአምስት ደቂቃ ወሬ ልጁን ከብዙ ወራት ሥቃይ ታድነዋለች።

አላህ (ሱ.ወ) ገላችንንም ልባችንንም ንጹሕ ያድርግልን፤ ባላወቅነው ነገር ጠያቂዎች፣ ባወቅነው ነገር ሠሪዎች ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።